ደጃፍ ላይ የቆመ ዜማ

በባሕር ዳር ከተማ፣ ከጣና ዳር በሚገኘው የሽምብጥ ሰፈር፣ ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል፣ የሐይቁ ነፋስ ገና ሳይነሣና የኪዳን ደወል ገና ሳይደወል፣ በአንድ የቆርቆሮ በር ፊት ባልና ሚስት ቆመዋል። ባል ጋቢውን እስከ አገጩ ተከናንቦ ቀኝ መዳፉን ከጆሮው ላይ አሳርፏል፤ ሚስት ግማሽ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ብላ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ ዐይኗን ከመሬት ላይ ተክላለች። በእጃቸው ማሲንቆም ሆነ ክራር፣ ከበሮም ሆነ ጸናጽል የለም። እርሷ ቃል የሌለውን፣ ሦስት አራት ድምፅ ብቻ የሚመላለስበትን እንጉርጉሮ ቀስ አድርጋ ታነሣለች፤ እርሱም ያ እንጉርጉሮ መሬቱን ካደላደለለት በኋላ በላዩ ላይ ከፍ ባለ፣ ጥቂት በሻከረ ድምፅ ይገባል። ከግቢው ውስጥ ውሻ ይጮኻል። መብራት ይበራል፤ የሴት ድምፅም «ቆዩ፣ መጣሁ» ይላል። ዘማሪው ግን ስለ ተመለሰለት ዝም አይልም፤ የባለቤቱን ስም፣ ያገባችውን ልጅ ስም፣ ቤተ ሰቡ በየዓመቱ የሚዘክረውን ታቦት ስም እያነሣ፣ ሞትንና የሞትን አይቀሬነት፣ ምጽዋትንና የምጽዋትን ዋጋ በግጥም እያሰናኘ ይቀጥላል። በሩ ገርበብ ብሎ ገንዘብ የያዘ እጅ ብቅ ሲል ዜማው ወደ ምርቃት ይለወጣል፤ ምርቃቱም ሲያበቃ ሁለቱ ሰዎች የሚቀጥለውን በር ቈጥረው ያልፋሉ። ፀሐይ ሳትወጣ ብዙ በር መድረስ አለባቸው።

እነዚህን ሰዎች ብዙው አገር ላሊበላ ወይም ላሊበሎች ሲላቸው፣ በጎንደርና በጎጃም በኩል ሐሚና የሚላቸው ይበዛል። ስለ እነርሱ ከጥንት ጀምሮ የሚነገረው እምነት እንዲህ ነው፤ የዘራቸው ግዴታ ስለ ሆነ በየዓመቱ በተወሰነ ጊዜ ከቤታቸው ወጥተው፣ ጎሕ ሳይቀድ በሰው ደጃፍ እየቆሙ ካልዘመሩና ካልለመኑ፣ በቀድሞው አነጋገር ቁምጥና፣ በዛሬው ሥጋ ደዌ የሚባለው ሕመም በላያቸው ይወርዳል። በዚህም ምክንያት ሌላው ሰው ከእነርሱ ጋር መጋባትን ሲሸሽ ኖሯል፤ እነርሱም እርስ በርሳቸው ሲጋቡና ዜማቸውን ከአባት ወደ ልጅ፣ ከእናት ወደ ልጅ ሲያወርሱ ኖረዋል። ሥጋ ደዌ በመሐላ የሚመጣና በዘር የሚወርድ መቅሠፍት ሳይሆን ከተሕዋስ የሚነሣ ደዌ መሆኑን ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ተሕዋሱን በማግኘቱ ገልጧል፤ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደግሞ በአንድነት በሚሰጡ መድኃኒቶች ፈጽሞ ይድናል። ይህን መናገር የሚያስፈልገው እምነቱን ለማዋረድ አይደለም። ስለ እነዚህ ሰዎች የሚነገረው ነገር ሁሉ በደዌው ላይ ብቻ ሲያተኩር፣ ጥበባቸው ከፍርሃት የተወለደ ልቅሶ ብቻ እየመሰለ፣ በጥበብነቱ ሳይመረመር ስለ ቀረ ነው።

ጥበብነቱ እንዴት ነው ቢሉ፣ ሐሚናው በማያውቀው ሰው ቤት ፊት የሚቆመው ባዶ እጁን አይደለም። ቀድሞ በሰፈሩ ውስጥ ሲመላለስ ከጎረቤት፣ ከሱቅ፣ ከወፍጮ ቤት የባለቤቱን ስም፣ የእመቤቲቱን ስም፣ ማን እንደ ተወለደና ማን እንደ ሞተ አጣርቶ ይይዛል፤ ሌሊት በበሩ ሲቆምም ያን ሁሉ በግጥሙ ውስጥ እያስገባ፣ ቤት እየመታ፣ ቆሞ በቆመበት ይፈጥራል። እንግዲህ ተኝቶ የነበረው ባለቤት በሕልሙና በእውኑ መካከል ሆኖ የገዛ ስሙን ከማያውቀው አፍ፣ በዜማ፣ ከሞት ስምና ከቅዱሳን ስም ጋር ተያይዞ ይሰማዋል። ይህን የሰማ ሰው ትራሱን ወደ ጆሮው ስቦ መተኛት ይቸግረዋል። በመቅደስ ውስጥ ሆኖ የሚሰብክ መምህር ቃሉን ለጉባኤው በሞላው ይናገራል፤ ሐሚናው ግን ስብከቱን ሁሉ ወደ አንድ በር፣ ወደ አንድ ስም አነጣጥሮ ይወረውራል። የሚቀበለው ገንዘብም በእኔ አስተያየት የልመና ፍርፋሪ አይደለም፤ ስለ ፈጸመው አገልግሎት፣ ይኸውም ሰውን ከእንቅልፉ አንሥቶ ሞቱንና ምጽዋቱን ስላሳሰበበት የሚከፈለው ዋጋ ነው።

የባሕር ዳር ደጃፍ የሚያውቀው ዜማ ይህ ብቻ አይደለም። ቀኑ ሞቅ ሲል፣ በተለይ ከከተማው ወጣ ባለው በዘጌም ሆነ ወደ ይልማናና ወደ ዴንሳ በሚወስደው መንገድ ባሉ መንደሮች፣ ደበሎ የለበሰ፣ ኮሮጆ ያነገተና ለውሻ መከላከያ በትር የያዘ ልጅ ከበር ቆሞ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ይሰማል። ይህ የቆሎ ተማሪ ነው። ቆሎ ተማሪ የሚለምነው የሚበላው ስላጣ ብቻ እንዳይመስል፤ የባለጸጋ ልጅም ቢሆን ትምህርቱን ፈልጎ ከአገሩ ርቆ እስከ ወጣ ድረስ እየለመነ፣ ድርቆሹን በውኃ እያራሰ፣ በመቃብር ቤት ወይም ራሱ ባቆማት ጎጆ እየተኛ መማር ሥርዐቱና ትሕትናን የሚማርበት ቀኖናው ነው። ቅኔ የፈለገ ከበጌምድር ተነሥቶ ወደ ጎጃም፣ ወደ ዋሸራ ወይም ወደ ጎንጅ ይሻገራል፤ ድጓ የፈለገ ከጎጃም ተነሥቶ ወደ ጋይንት ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የፈለገ ወደ ዙር አባ፣ አቋቋም የፈለገ ወደ ጎንደር ይወጣል። ጣና በዚህ ሁሉ መካከል ተኝቷል፤ ተማሪው በደንገል ታንኳም ይሁን በእግሩ ዙሪያውን ሲመላለስበት ኖሯል።

ስለዚህ ሊቃውንት በማኅሌት ቆመው፣ መቋሚያቸውን እያነሡና እየጣሉ፣ ጸናጽሉን እያንሿሹ የሚያወርዱት ያ ታላቅ ዜማ በምን ተመግቦ አደገ ቢባል መልሱ በድሀ ደጃፍ ቁራሽ ነው። በትውፊት የቅዱስ ያሬድ የሆነውና ከስድስተኛው መቶ ዓመት የሚነሣው ድጓ፣ በግዕዝ፣ በዕዝልና በአራራይ ስልት የሚዜመው ሁሉ፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የዜማ ምልክት ከሠሩለት በኋላም ቢሆን፣ ከመምህር አፍ ወደ ተማሪ ጆሮ የተሻገረው ያ ተማሪ በዕለቱ የሚቀምሰው ሲያገኝ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ዜማና የመንገዱ ዜማ የተለያዩ ዓለማት እንደ ሆኑ አድርጎ የሚናገር ሰው ይህን አንድ ነገር ይዘነጋል። ፔድሮ ፓኤዝ አሠራው የሚባለው የድንጋይ ግንብ ባለበት በባሕር ዳር ቅዱስ ጊዮርጊስ በወርኃዊው በዓል ቀን ቆሞ ለተመለከተ፣ በውስጥ ካህናቱ ሲያሸበሽቡ፣ በደጀ ሰላሙ ግራና ቀኝ ዐይነ ስውራን ተቀምጠው የእመቤታችንን ምስጋና በገዛ ዜማቸው ሲያዜሙ፣ ምእመኑ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያልፈው አንድ እርምጃ ብቻ ተራምዶ ነው።

ይህ የደጃፍ ዜማ ወደ ሸክላና ወደ ሲዲ ሲገባ ምን ይሆናል? ጥያቄው ለእኛ አገር አዲስ አይደለም፤ መልስ የሚሆኑ ሁለት ምሳሌዎች አሉት፤ አንዱ ከጣና ሰሜን ከጎንደር፣ ሁለተኛው ከሩቅ አገር።

የጎንደሩ ታሪክ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1923 በአዲስ አበባ ከከንቲባ ገብሩ ደስታ ተወልደው፣ የውብዳር ተብለው፣ በስድስት ዓመታቸው ወደ ስዊስ አገር ተልከው ቫዮሊን የተማሩ፣ በጣልያን ወረራ ጊዜ ከቤተ ሰቦቻቸው ጋር ወደ አሲናራ ደሴት ተግዘው የነበሩ፣ ከነፃነት በኋላም በካይሮ ከፖላንዳዊው የቫዮሊን መምህር ከአሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ዘንድ የተማሩ እመቤት ነበሩ። ለንደን ሄደው እንዲማሩ የተከፈተላቸው መንገድ በፈቃድ ማጣት ሲዘጋባቸው፣ ዓለምን ንቀው ወደ ግሸን ማርያም ገብተው መነኰሱ፤ በዚያም ዐሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ለመማር በጎንደር ተቀምጠው ሳሉ፣ ለዜማ ትምህርት ከየአገሩ የመጡ ወጣቶች ቀን እየለመኑ ሌሊት በሜዳ ሲያድሩ አዩ። የሚሰጡት ገንዘብ አልነበራቸውም፤ የፒያኖ ጥበባቸው ግን ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ1967 በጀርመን አገር የታተመው የመጀመሪያው ሸክላቸው የተወለደው ከዚህ ሐሳብ ነው፤ ገቢው መጠለያ ለሌላቸው እንዲውል።

ያን ሸክላ ያዳመጠ ሰው፣ በተለይ ቤት አልባውን ተንከራታች በሚያስታውሰው ስም የሚጠራውን ቁራጭ የሰማ ሰው፣ ጣቶቹ በምዕራባውያን ሥርዐት የተማሩ፣ ጆሮው ግን በማኅሌት ውስጥ ያደገ ሙዚቀኛ እየሰማ መሆኑ አይጠፋውም። የዜማው መስመር በአንድ ቦታ ላይ ረግቶ አይቆምም፤ እንደ ድጓው ይንከባለላል፣ ይጎተታል፣ ሊያርፍ ነው ሲሉት ይነሣል። ከአገራችን ውጭ ያሉ አድማጮች «ኢትዮፒክስ» በተባለው ተከታታይ ውስጥ ሃያ አንደኛው ሆኖ እ.ኤ.አ. በ2006 ሲወጣ ሰምተውት ብሉዝ ይመስላል ያሉት ብዙዎች ናቸው። ንጽጽሩ ከሩቅ ሲታይ አያስከፋም። ነገር ግን እኔ ምንጩን በሌላ አህጉር ከመፈለግ ይልቅ ደበሎ ለብሶ ጎንደር ደጃፍ ላይ የቆመውን ልጅ መመልከትን እመርጣለሁ። እማሆይ እ.ኤ.አ. በ1984 ወደ ኢየሩሳሌም ሄደው በዚያ ባለው የኢትዮጵያ ገዳም ኖሩ፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2023 በ99 ዓመታቸው ዐረፉ።

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚገባው ነገር አለ። የእማሆይ አልበም ስለ መንገድ ልጆች የተሠራ እንጂ የመንገድ ልጆች ድምፅ የተቀዳበት አይደለም። ርኅራኄው የበዛ፣ ጥበቡም የላቀ ነው፤ የለማኙ ተማሪ የገዛ ጉሮሮ ግን በዚያ ሸክላ ላይ የለም። በበገናውም መንገድ ቢሆን ነገሩ ተመሳሳይ ነው። መምህር ዓለሙ አጋ በዐሥራ ሁለት ዓመታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል የተማሩትን በገና፣ ያን ዐሥር አውታር ያለውንና በእንዚራው ምክንያት ድምፁ የሚርገበገበውን የዳዊት በገና፣ ዓለም እንዲሰማው ያደረጉ ሰው ናቸው፤ በኢትዮፒክስ ተከታታይ ዐሥራ አንደኛው የእርሳቸው ነው። በገና ግን በዐቢይ ጾም በእልፍኝ ውስጥ፣ ሰው ከነፍሱ ጋር ብቻውን ሲቀመጥ የሚደረደር፣ የመኳንንትና የሊቃውንት ዕቃ ሆኖ የኖረ ነው። ድምፁ መንገድ ተሻግሮ አላፊ አግዳሚውን እንዲያቆም የተሠራ አይደለም።

አላፊ አግዳሚውን ሲያቆም የኖረ ሰው ራሱ ስቱዲዮ ገብቶ የተቀዳበትን አልበም ለማግኘት ከአገራችን መውጣት ያስፈልጋል። ጋሪ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1896 በአሜሪካ በደቡብ ካሮላይና ተወለደ፤ ገና በሕፃንነቱ ዐይኑ ታወረ፤ አያቱ አሳደጉት። ጎልማሳ ሲሆን ወደ ደርሃም ከተማ ሄዶ የትምባሆ ፋብሪካ ሠራተኞች በሚመላለሱበት መንገድ ዳር ጊታሩን ይዞ ይቆም ጀመር። የባሕር ዳር አንባቢ ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ እ.ኤ.አ. በ1961 በጣልያን የጦር ካሣ የተሠራው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ይህችን ከተማ እንዴት እንዳሰፋት የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች አሉ፤ ደመወዝ የሚከፈልበት ከተማ የመንገድ ዘፋኝንም የሚጠራ ከተማ ነው። ዴቪስ በወጣትነቱ ብሉዝ፣ ማለትም ጥቁሮቹ አሜሪካውያን ከባርነትና ከድህነት ያወጡትን የኀዘንና የፍቅር እንጉርጉሮ ይጫወት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ዓመታት በባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ሰባኪ ሆኖ ከተሾመ በኋላ ግን ዓለማዊውን ግጥም አብዛኛውን ትቶ፣ ያንኑ የብሉዝ ጊታር ይዞ፣ ቃሉን ከመጽሐፍ ቅዱስ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ወደ ኒው ዮርክ መጥቶም ሁለት ዐሥርት ዓመታት ያህል በሃርለም መንገዶች ላይ ጥቁር መነጽሩን አድርጎ፣ ጊታሩን አቅፎ፣ እየዘመረ፣ እየሰበከ፣ ሳንቲም እየተቀበለ ኖረ።

እ.ኤ.አ. በኦገስት 24 ቀን 1960፣ በስድሳ አራት ዓመቱ፣ ወደ ኒው ጀርሲ ወስደው በሩዲ ቫን ጌልደር ስቱዲዮ አስገቡት። ያ ስቱዲዮ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በእንጨት የተዋቀረ፣ የጸሎት ቤት የሚመስል አዳራሽ ነው፤ ከአራት ዓመት በኋላ የጃዝ ሙዚቀኛው ጆን ኮልትሬን ያን ዝነኛ የምስጋና አልበሙን የቀዳው በዚያው ክፍል ነው። ከዴቪስ ጋር ሌላ ተጫዋች አልነበረም። አንድ ሰው፣ አንድ ጊታር፣ ዐሥራ ሁለት መዝሙር። አልበሙም በዚያው ዓመት «ሃርለም ስትሪት ሲንገር» ተብሎ፣ ማለትም የሃርለም የመንገድ ዘማሪነቱን ሳያፍር በአርእስቱ ላይ አውጥቶ ወጣ።

ይዘቱን ለቤተ ክርስቲያን ልጅ መንገር ቀላል ነው፤ የሶምሶንና የደሊላ ታሪክ ከመጽሐፈ መሳፍንት፣ ዐሥራ ሁለት በሮች ያሏት ከተማ ከዮሐንስ ራእይ፣ የዓለም ብርሃን ከወንጌል፣ ለማንም የማያዳላው ሞት ከቤት ወደ ቤት ሲዞር። ይህን የመጨረሻውን የሰማ የሽምብጥ ሰው፣ ቋንቋውን ባይረዳ እንኳ፣ ሐሚናው ሌሊት ደጁ ላይ የሚያነሣው ጉዳይ መሆኑን የሚያውቀው ይመስለኛል። ከይዘቱ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ አሠራሩ ነው። ዴቪስ የሚጫወተው በአውራ ጣቱና በአመልካች ጣቱ ብቻ ነው፤ በእነዚህ በሁለቱ ብቻ ግን አውራ ጣቱ የወፍራሙን ክር ምት ሲጠብቅ አመልካች ጣቱ ዜማውን ያወጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ዴቪስ የጀመረውን ሐረግ ሳይጨርስ ዝም ይልና የቀረውን ቃል ጊታሩ ያሰማዋል። አድማጭ በልቡ ቃሉን ይሞላል። ድምፁ ሻካራ ነው፤ በባቡርና በሻጭ ጩኸት መካከል ሲሠራ የኖረ ጉሮሮ ስለ ሆነ በስቱዲዮው ጸጥታ ውስጥም ዝቅ ሊል አልፈቀደም። ቫን ጌልደር ይህን አላለሰለሰውም፤ ስለዚህ አልበሙ ከስድሳ ዓመት በላይ ቆይቶም መንገድ መንገድ ይሸታል።

ዴቪስ ከጊታሩ ጋር የሚያደርገውን ሐሚናው ከሚስቱ ጋር ያደርገዋል። ባል ግጥሙን ያወርዳል፤ ሚስት ቃል በሌለው እንጉርጉሮዋ ከሥሩ ትይዘዋለች፤ እርሱ ትንፋሽ ሲወስድ ዜማው አይቋረጥም። ይህን መመሳሰል አይተው የዘር ዝምድና ለመፈለግ የሚቸኩሉ ሰዎች ያጋጥሙኛል፤ ትዝታና ባቲን ከብሉዝ ጋር በአምስት ድምፅ ቅኝታቸው እያስተያዩ ሁሉንም ወደ አንድ ምንጭ ለመመለስ ይደክማሉ። አምስት ድምፅ ያለው ቅኝት በብዙ የዓለም ክፍል ስላለ ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ከቅኝቱ ይልቅ ሥራው ራሱ ነው ሁለቱን የሚያቀራርባቸው። በደጅ የሚዘምር ሰው አድማጩ ከግድግዳ ጀርባ ነው፤ ስለዚህ ድምፁ መሻገር አለበት። አድማጩ ጥሎት ሊሄድ ወይም ተመልሶ ሊተኛ ይችላል፤ ስለዚህ ዝምታ ሊያስገባ አይችልም፤ ትንፋሹን የሚሸፍንለት ሁለተኛ ድምፅ፣ ጊታር ወይም ሚስት ያስፈልገዋል። ጊዜው አጭር ነው፤ ስለዚህ ከነገር ሁሉ ትልቁን፣ ሞትንና ነፍስን፣ በመጀመሪያው መስመር ያነሣል። ሃርለምና ሽምብጥ ያልተነጋገሩበትን ነገር ደጃፉ በየግላቸው አስተምሯቸዋል።

ስለ ዴቪስ ሕይወት አንድ ነገር ልጨምር። ከዚያ አልበም ሁለት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1962፣ ፒተር፣ ፖልና ሜሪ የሚባሉት ዝነኛ ዘፋኞች የሶምሶንን መዝሙር በራሳቸው ሸክላ ላይ አወጡት። ሸክላው በብዛት ተሸጠ፤ የደራሲነት ድርሻውም ለዴቪስ ስለ ተከፈለው በኒው ዮርክ ኩዊንስ በሚባለው ክፍል ቤት ገዛበት። ወጣት ጊታር ተማሪዎች በዚያ ቤት እየመጡ በጥቂት ዶላር ይማሩ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1972 እስከ ሞተበት ጊዜ ድረስም ማስተማሩን አልተወም። ከእርሱ በፊት የነበረው የቴክሳሱ ዐይነ ስውር የመንገድ ዘማሪ ዊሊ ጆንሰን እንዲህ አልሆነለትም። እ.ኤ.አ. ከ1927 እስከ 1930 ለኮሎምቢያ ኩባንያ ሠላሳ መዝሙር ቀድቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1945 በድህነት ሞተ፤ ቃል የሌለበት የለቅሶ እንጉርጉሮው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1977 በቮየጀር መንኰራኵሮች ላይ በተጫነው የወርቅ ሸክላ ተቀርጾ ከፀሐይ ነፋስ ወሰን ውጭ እየተጓዘ ይገኛል። የሁለቱ ሰዎች ልዩነት በድምፃቸው ወይም በእምነታቸው አይደለም። አንዱ ስሙ በወረቀት ላይ በደራሲነት ሰፍሮለታል፣ ድርሻውም ደርሶታል።

እንግዲህ የሐሚና ዜማ አልበም ቢሆንስ? ሊቃውንት ለጥናት ሲሉ ላሊበሎችን ቀድተዋል፤ እኔ የምመኘው ግን ሌላ ነው። ባልና ሚስቱ በሽፋኑ ላይ በስማቸው የተጻፉበት፣ የጣና ሰው ገዝቶ በቤቱና በመኪናው የሚያዳምጠው፣ ሐሚናን ለምርምር እንደ ቀረበ ጉድ ሳይሆን ሙዚቀኛ አድርጎ የሚያቆም ሥራ ነው። ዝናን የሚሸሹ መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ለብዙዎቹ ሐሚናነት ከጎረቤት የሚሰወር ነገር ነው፣ ወደ ሩቅ አገር እየሄዱ የሚለምኑትም በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ስማቸው እንዲወጣ የሚፈቅዱት እነርሱ ናቸው፤ ሌላ ማንም አይፈቅድላቸውም። በሕጉም ቢሆን ይኸው ነው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዋኝ ክዋኔው እንዳይቀዳና እንዳይባዛ የመከልከል፣ ሲፈቅድም የመጠቀም መብት እንዳለው ደንግጓል፤ በደጃፍ የቆመ ሰው ከዚህ ሕግ የተለየ ነው የሚል አንቀጽ የለም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው የዜማው ባሕርይ ነው። ሐሚናው የሚዘምረው ለአንድ በር ነው፤ አልበም ግን በር የለውም። የባለቤቱ ስም ከወጣ ግጥሙ ልቡን ያጣል፤ የማይታወቅ ሰው ስም ከገባበት ደግሞ ለማን እንደሚዘመር ሳይታወቅ ይቀራል። ዴቪስ ይህን የፈታው ስም ሳይጠራ በመጽሐፍ ቅዱስ ስሞች፣ በሶምሶንና በደሊላ፣ አማካይነት ነው፤ ሐሚናው ይህን ቢያደርግ ግን ሐሚናነቱን ይተዋል። እኔ የሚሻል የሚመስለኝ መንገድ፣ ስቱዲዮ አስገብቶ ከመቅዳት ይልቅ ቀጂው ራሱ ፈቅዶ ወደሚቀበል ቤተ ሰብ በር ሄዶ፣ ከእነ ውሻው ጩኸት፣ ከእነ መዝጊያው ሲጢጥታ፣ ከእነ «ቆዩ፣ መጣሁ»ው መቅዳት ነው። ሌላ ዓይነት ቅጂ የሚፈልግ ሰው ሲቸገር ይታየኛል፤ ምክንያቱም ሐሚናው ፀሐይ ከወጣች በኋላ አይዘምርም፣ የከተማው ስቱዲዮ ደግሞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት አይከፈትም። ቀጂው ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ተነሥቶ፣ የተፈረመ ውልና ዕለቱን የሚከፈል ገንዘብ ይዞ፣ ሽምብጥ ላይ መገኘት ይኖርበታል።